ለጎንደር አካባቢ ሌላ የሕክምና ትምህርት ቤት፦ ማን ያስተምራል፣ ማንስ ይቀጥራል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከጎንደር ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት በምትርቅ ከተማ የልማት ኮሚቴ አባል ነኝ። ሆስፒታላችን አንድም ስፔሻሊስት የለውም። ምጥ የጠናባት እናት ሁልጊዜ ወደ ጎንደር ሪፈር ናት። መንግሥት በራሱ በጀት እዚሁ አካባቢ አዲስ የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲከፍትልን ደብዳቤ ልናስገባ ነው፤ ቦታም ታስቧል፣ መዋጮም ጀምረናል። በሌላ በኩል ደግሞ ተመርቀው ሥራ ያጡ ሐኪሞች አሉ ሲባል እንሰማለን። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? ትምህርት ቤቱስ ምን ይጠይቃል፣ ችግራችንንስ ይፈታዋል?»

ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ ከሚለው ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ሳይጠራ ስለ ትምህርት ቤቱ ብናወራ ነገሩ አይያዝም።

ሐኪም ጠፋ የሚባለውም ሐኪም ሥራ አጣ የሚባለውም እውነት ነው። የሚጋጩ የሚመስሉት ገንዘቡ ከሁለት ካዝና ስለሚወጣ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደረው በፌዴራል በጀት ነው፤ የሕክምና ተማሪው የሚማረው፣ የሚያድረውና የሚበላው በዚያ ገንዘብ ነው። ሲመረቅ ይቀጥረዋል የምንለው የወረዳ ወይም የዞን ሆስፒታል ግን ደመወዝ የሚከፍለው ክልሉና ወረዳው ከሚመድቡት ነው። ወረዳው ከክልል የሚደርሰው ጥቅል በጀት አብዛኛው ገና ዓመቱ ሳይጀመር ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ተቆርጦ ያለቀ ነው። ስለዚህ የፌዴራሉ ካዝና 100 ሐኪም አስመርቆ ሲልክ የወረዳው ካዝና አንዱን እንኳ መቅጠር ሊያቅተው ይችላል። በመዋቅሩ ላይ የሐኪም መደብ ተጽፏል፣ በጀት ግን አልተያዘለትም፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

የእናንተ ችግር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ኮሚቴው አንድ ቀን ይበቃዋል። ሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል ሄዳችሁ ለእያንዳንዱ የሐኪም ዓይነት ሦስት ቁጥር ጠይቁ፦ መዋቅሩ የፈቀደው ስንት ነው፣ ዘንድሮ በጀት የተያዘለት ስንት ነው፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ስንት ነው። ለምሳሌ መልሱ 12፣ 5፣ 5 ከሆነ ችግሩ የበጀት ነው፤ በር ላይ ሃያ ሐኪም ቢሰለፍ አትቀጥሩም። መልሱ 12፣ 9፣ 4 ከሆነ ገንዘብ አለ ማለት ነው፤ ሰው ግን አይመጣም፣ ቢመጣም አይቆይም። 12፣ 12፣ 3 ሆኖ ማስታወቂያው በተደጋጋሚ ወጥቶ አመልካች የታጣበት ብቻ ነው «የሠለጠነ ሰው የለም» የሚያስብለው። ዛሬ ይህ ሦስተኛው በብዛት የሚታየው በስፔሻሊስት ላይ ነው፤ በጠቅላላ ሐኪም ላይ እምብዛም አይታይም። አዲስ የሕክምና ትምህርት ቤት በቀጥታ የሚያክመው ሦስተኛውን በሽታ ነው፤ እሱንም ከብዙ ዓመት በኋላ።

ሀገሪቱ ይህን መንገድ ሞክራዋለች። ለረጅም ጊዜ ሐኪም ያስመርቁ የነበሩት አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ነበሩ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ቅበላው በብዙ እጥፍ አደገ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ የሳይንስ ትምህርት ዲግሪ ያላቸውን ተቀብለው በአጭር ሥርዓተ ትምህርት ሐኪም የሚያደርጉ 13 ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። የሐኪሙ ቁጥር በርግጥ ጨመረ፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን የወረዳና የዞን ሆስፒታሎች የደመወዝ በጀት በዚያው ልክ አላደገም። ቀድሞ ጤና ሚኒስቴር ተመራቂውን በዕጣ ለየክልሉ ይመድብ የነበረበት አሠራር ቆመና ተመራቂው ራሱ ማስታወቂያ የሚያሳድድ ሆነ። በሥራ ላይ ያለው ደግሞ በክፍያው ተማሮ በግንቦት 2017 ሥራ እስከማቆም ደረሰ። ደብዳቤያችሁን የሚያነብ ባለሥልጣን ይህ ሁሉ በአእምሮው አለ፤ «ሐኪም ስለሌለን ትምህርት ቤት ይከፈትልን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን አያሳምነውም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። ሰው «የሕክምና ትምህርት ቤት» ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ሕንፃ ነው። ሕንፃው የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዶቹ ሕመምተኛና መምህር ናቸው።

ሕመምተኛ ስል በሽተኛ ሞልቶናል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የሕክምና ተማሪ የሚማረው ግን በተኛ ሕመምተኛ አጠገብ፣ ከመግቢያው እስከ መውጫው እየተከታተለ ነው። የህንድ የሕክምና ትምህርት ተቆጣጣሪ በዓመት 100 ተማሪ ለሚቀበል ትምህርት ቤት 420 አልጋ ያለው ሆስፒታል ይጠይቃል፤ አልጋው መኖሩ ብቻ ሳይሆን አብዛኛው ሰው የተኛበት መሆን አለበት። በእኛ ሀገር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የሚሠራ ነው፤ አልጋው ከ25 እስከ 50 ነው። አጠቃላይ ሆስፒታል የሚባለው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ፣ ስፔሻላይዝድ የሚባለው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ይታሰብለታል። የእናንተ ሆስፒታል ከመጀመሪያው ረድፍ ከሆነ ማስተማሪያ ለመሆን ሁለት ደረጃ መዝለል ይቀረዋል። ሁለት ደረጃ ሲዘል ደግሞ የሚያስተኛው ሕመምተኛ የሚመጣው ከአንድ ወረዳ አይሆንም፤ ዛሬ ወደ ጎንደር ከሚሄደው ሕዝብ መካፈል ይኖርበታል። በአካባቢው ጎንደር አለ፣ ባሕር ዳር አለ፣ ደብረ ታቦር አለ፤ ሦስቱም ያስተምራሉ። ሌላ ሲጨመር ሕመምተኛውም መምህሩም ይሸነሸናል።

በምጥ ብቻ እንየው። ከ100 ገቢ ተማሪ 85ቱ ለኢንተርንነት (በሆስፒታል እየሠሩ ለሚማሩበት የመጨረሻ ዓመት) ይደርሳሉ ብለን እንያዝ። እያንዳንዱ ኢንተርን 20 ጤናማ ወሊድ በራሱ እጅ ያዋልድ ብንል በዓመት 1,700 ወሊድ ይፈለጋል። 100,000 ሕዝብ ባለበት ወረዳ በዓመት የሚወለደው 3,000 ገደማ ልጅ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው በጤና ጣቢያ፣ ቀላል የማይባለውም በቤት ይወለዳል። የተረፈውን ምጥ ደግሞ የአዋላጅ ነርስ ተማሪዎችም ይፈልጉታል። ውጤቱ ስድስት ተማሪ አንዲት እናት ከብቦ ቆሞ የሚያይበት፣ አንዱም በእጁ የማይነካበት ማዋለጃ ክፍል ነው። ለእናቲቱም ክብር አይደለም።

የመምህሩ ሒሳብ ይበልጥ ይከብዳል። ከ100 ገቢ ተማሪ ብንነሣ በወርድ (ሕመምተኞች በሚተኙባቸው ክፍሎች) ውስጥ የሚዘዋወሩት ሁለቱ የክሊኒክ ዓመታት ተማሪዎች 200 ይሆናሉ። በአንድ ቡድን 8 ብናደርጋቸው (ከ8 ካለፈ የኋላው ረድፍ የሚማረው የፊተኛውን ጀርባ ነው) 25 ቡድን ይወጣል። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ፣ ተመላላሽ የሚያይና ዱቲ (ተረኝነት) የሚገባ ስፔሻሊስት በቀን አንድ ቡድን በወጉ ካስተማረ ብዙ ሠራ። እንግዲህ በማንኛውም የሥራ ቀን ወርድ ላይ የሚገኝ 25 ስፔሻሊስት ያስፈልጋል። ፈቃድ የወጣውን፣ ከዱቲ የገባውን፣ ለሥልጠና የሄደውን አንድ ሦስተኛ ጨምሩበት፤ 33 ይሆናል። ያለ ራጅ ባለሙያ፣ ያለ ፓቶሎጂስት፣ ያለ ሰመመን ሰጪ ሐኪም ነው ይህ። አንድ ቀዶ ሐኪም ለማውጣት ከትምህርት ቤት መግቢያ እስከ ስፔሻሊቲ መጨረሻ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መምህር አያፈራም፤ ከሌላው ይነቅላል። ከየት? ከጎንደር። ማለትም ሪፈር የምትልኩላቸውን ሐኪሞች ከሪፈሩ መድረሻ ላይ ታነሣላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የሚማሩበት ጊዜ፣ ቀላል ይመስላል፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ለ100 ተማሪ በ10 አንድ ብንል በዓመት 10 አስከሬን ያስፈልጋል። ባለቤት ያልተገኘለት አስከሬን ለትምህርት የሚውለው ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤትና ሆስፒታሉ በጽሑፍ በተስማሙበት ሥርዓት ነው፤ ይህ ሳይዘጋጅ ተማሪ ተቀብሎ በፕላስቲክ ሞዴል ብቻ ያስተማረ ተቋም ችግሩ በቀዶ ሕክምና ክፍል ይገለጥበታል። ማቆያው ፎርማሊን ነው፤ ለአንድ አስከሬን ከ10 ሊትር የማያንስ ድብልቅ ይገባል። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ጋዙም ከአየር ትንሽ ይከብዳል። ስለዚህ አየር መሳቢያው ከጣሪያ ብቻ ሳይሆን ከጠረጴዛው ቁመትና ከዚያ በታች መሳብ አለበት። መብራት በሄደ ቁጥር መሳቢያው ይቆማል፣ ክፍሉ ይዘጋል፣ የዕለቱ ትምህርት ያልፋል። በሥራ ላይ ያለ ጄኔሬተርና የናፍጣ በጀት የሌለው አናቶሚ ክፍል በዓመት ስንት ቀን እንደሚሠራ መገመት አይከብድም።

ውሃ ደግሞ ጎንደር ላይ ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለአንድ የተኛ ሕመምተኛ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለአንድ ቀዶ ሕክምና ወይም ወሊድ 100 ሊትር ይላል። 400 አልጋ በ60 ሲባዛ 24,000 ሊትር ነው። ግቢ ውስጥ የሚያድሩ 600 ተማሪዎች በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ቢጠቀሙ 30,000 ሊትር ይጨመራል። በቀን 54 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው፤ የሁለት ቀን መጠባበቂያ ማጠራቀሚያ ቢያንስ 108 ሜትር ኩብ መያዝ አለበት። የጎንደር ከተማ ራሷ ደለል የሞላው የአንገረብ ግድብ አልበቃ ብሏት ውሃ በፈረቃ የምትጠጣ ከተማ ናት፤ የመገጭ ግድብም ሲጠበቅ የኖረ ነው። እናንተ የመረጣችሁት ቦታ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ከሌለ ዲዛይን ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። ጥናቱ ከሕንፃው ንድፍ በፊት ይሠራ።

ስለ ብር። «ምን ያህል ይፈጃል» ብላችሁ አንድ ቁጥር ጠብቃችሁ ከሆነ አንድ ቁጥር መስጠት ማታለል ይሆናል፤ ሒሳቡን እንዴት እንደምታወጡት ግን ልንገራችሁ። በወረቀት ላይ አሥር ዓመት የሚያህል ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ላይኛው ክፍል ካፒታል ነው፦ መማሪያ፣ ማደሪያ፣ ላቦራቶሪ፣ የሆስፒታል ማስፋፊያ፣ መሣሪያ፣ ውሃና ኃይል። ታችኛው መደበኛ ነው፦ የመምህራንና የሆስፒታል ሠራተኞች ደመወዝ፣ የዱቲ ክፍያ፣ የተማሪ ምግብ፣ ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል)፣ መድኃኒት፣ ናፍጣ፣ ጥገና። ካፒታሉ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ መደበኛው ግን ማብቂያ የለውም፤ የአንድ ሆስፒታል ማስኬጃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግንባታው የፈጀውን ይደርስበታል። ደብዳቤ የሚጽፉ ኮሚቴዎች የሚረሱት ሁልጊዜ ይህን ታችኛውን ክፍል ነው፤ ፖለቲከኛም የሚመርቀው ላይኛውን ነው። የመሣሪያውን ዋጋ ደግሞ በብር ብቻ አትጻፉት። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የጸደቀ የራጅ፣ የሰመመን ማሽን ወይም የሪኤጀንት በጀት ከታሰበው ዕቃ ግማሽ ገደማውን ብቻ የሚገዛ ሆነ። ከውጭ የሚገባውን ለብቻው በዶላር፣ የሀገር ውስጡን በብር ለዩት።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድም መታወቅ አለበት። በሕዝብ ደብዳቤ ራሱን የቻለ የሕክምና ትምህርት ቤት አይቋቋምም፤ አንድ ነባር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩን የራሱ አድርጎ ሴኔቱና ቦርዱ ሊቀበሉት ይገባል። ከዚያ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ለሆስፒታሉ ወገን ጤና ሚኒስቴር፣ ለፕሮጀክቱ አዋጭነት የፕላንና ልማት ሚኒስቴር፣ ለገንዘቡ የገንዘብ ሚኒስቴር ያዩታል። በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ከሐምሌ 1 በፊት መጽደቅ አለበት። ፕሮግራሙን ለመክፈት ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መስፈርት አለ። የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ ካፒታሉ ይጸድቃል፣ ጨረታው እስኪጠናቀቅ ዓመቱ ይጋመሳል፣ ኤልሲ (ለውጭ ግዢ ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) እስኪከፈት ሰኔ 30 ይደርሳል፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ያለፈውን አልተጠቀማችሁበትም» ተብሎ ይቀነሳል። በዚህ መሀል ተማሪ ተመድቦ ይመጣል። ሕንፃ ሳያልቅ ተማሪ መቀበልን የመሰለ ትምህርት የሚያበላሽ ነገር የለም፤ አንዴ ከገባ ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ ችግሩን ከክፍል ወደ ክፍል ይዞ ያድጋል፣ መጨረሻ ላይ በመውጫና በብቃት ፈተናው ይታያል።

ጊዜውን ደምሩት። ለዝግጅትና ለግንባታ አራት ዓመት፣ ለመጀመሪያው ተማሪ ከመግቢያ እስከ ኢንተርንነት ማብቂያ ከ6 እስከ 7 ዓመት፣ ለስፔሻሊቲ ከ3 እስከ 4 ዓመት። ዛሬ ቢጀመር የመጀመሪያው ስፔሻሊስት ከ13 እስከ 15 ዓመት በኋላ ይመጣል፤ ያውም ወደ እናንተ ከመጣ።

ይመጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በራሱ ጥናት የተሠራበት ነው። ሐኪም ገጠር እንዲቆይ ያደርጋሉ ተብለው ከታወቁት ነገሮች ጠንካራዎቹ ሁለት ናቸው፦ ተማሪው ራሱ ከዚያ አካባቢ መሆኑ፣ እና ትምህርቱን በከፊል እዚያው መማሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣውና በ2021 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ ሁለቱንም ይመክራል። ጃፓን በ1972 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው የጂቺ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የሚጠቀስ ነው። 47ቱ የአስተዳደር ግዛቶች በጋራ ይደግፉታል፤ እያንዳንዱ ግዛት በየዓመቱ ሁለት ሦስት ልጆቹን ያስገባል፣ ወጪያቸውን ያበድራል፣ ተመራቂው በግዛቱ ለ9 ዓመት ካገለገለ ብድሩ ይሰረዛል፣ ካቋረጠ በአንድ ጊዜ ከነወለዱ ይከፍላል። ልብ በሉ፣ ገንዘቡን የሚያወጣውና ሐኪሙን የሚቀጥረው አንድ አካል ነው። እኛ ዘንድ የተለያዩት እነዚህ ሁለት ናቸው። እንግሊዝ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምራ አምስት አዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ስትከፍትም ለተመራቂው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሥራ ቦታ በሀገሪቱ የጤና አገልግሎት ውስጥ ይጠብቀዋል። እነሱን እንደ ምሳሌ የሚጠቅስ ሰው ይህን አብሮ ይጥቀስ።

ጎንደር ለዚህ ከጃፓን በፊት የራሷ መልስ ነበራት። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምብያ ሜዳ ወባ ሕዝብ ሲፈጅ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሐኪም አላስተማረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) አብሮ አሠልጥኖ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች እንዲሠሩ አወጣቸው። ሐኪም ማስተማር የተጀመረው ኋላ፣ በ1970ዎቹ መባቻ፣ ከምሥራቅ ጀርመን ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ተማሪን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ እዚያው እየኖረ እንዲሠራ ማድረግ ግን ከኮሌጁ ጋር ኖሯል። ደብዳቤያችሁ የሚመሠረትበት መሬት ያለ ይመስለኛል፤ እዚያ ነው ያለው።

ስለዚህ እኔ ብሆን አዲስ ትምህርት ቤት አልጠይቅም፤ ሆስፒታላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ቅርንጫፍ እንዲሆን ነው የምጠይቀው። ከመጨረሻው የክሊኒክ ዓመትና ከኢንተርን 12 ተማሪ በአንድ ጊዜ ለስምንት ሳምንት መቀበል ትችላላችሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው 12 ሰው የሚያሳድር ውሃ ያለው ቤት፣ አንድ የመወያያ ክፍል፣ የማይቋረጥ ኢንተርኔትና ተማሪውን የሚከታተል ቋሚ ስፔሻሊስት ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ተማሪው እንዴት ይገባል፣ እንዴት ይወጣል የሚለውም ስምምነቱ ላይ ይጻፍ፤ ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ስፔሻሊስቱን የምታገኙት በስፖንሰር ነው። ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) የሚመደበው በሀገር አቀፍ ውድድር ሆኖ ስፖንሰር የሚያደርገው አካል አለ፤ ክልሎችም ስፖንሰር ያደርጋሉ። የዞን ጤና መምሪያችሁ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ በየዓመቱ ጥያቄ ያቅርብ፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑና አሁን በወረዳችሁ የሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች ቅድሚያ እንዲያገኙ። ዛሬ የተላከ ሰው ከ3 እስከ 4 ዓመት ውስጥ ይመለሳል፤ ከትምህርት ቤቱ በአሥር ዓመት ይቀድማል።

ውሉ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ዋናውን ዲግሪ ይዞ ማቆየት የሚባለው የቆየ ዘዴ የሚሠራው ሰውየው ሀገር ውስጥ እስካለ ድረስ ነው፤ ቀኑ ሲሞላም በማግሥቱ ሻንጣውን ይሸክማል። በቁርጥ ብር የተጻፈ ቅጣትም ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ውጭ ሀገር ለሄደ ሰው ቀላል ሆኗል። ቅጣቱ በሥልጠናው ጊዜ ከወጣው የደመወዝ ብዜት ጋር ይታሰር፣ ላገለገለበት ዓመት እየተቀነሰ ይሂድ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናንተን ግዴታ ጻፉ፦ ሲመለስ በጀት የተያዘለት መደብ፣ ቤት፣ በወቅቱ የሚከፈል ዱቲ። ብዙ ውል የሚፈርሰው በሐኪሙ ብቻ አይደለም። የስድስት ወር ዱቲ ያልተከፈለው ሰው ውሉን አፈረሰ ማለት ይከብዳል።

አንድ ቀዶ ሐኪም ብቻውን አታምጡ። አንድ ከሆነ 365ቱም ሌሊት የሱ ነው፤ ዓመት ሳይሞላው ይሄዳል። ሁለት ስፔሻሊስት፣ ከነሱ ጋር የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ (በማስተርስ የሠለጠኑት፣ በቀዶ ማዋለድንና አስቸኳይ ቀዶ ሕክምናን የሚሠሩት) አንድ ወይም ሁለት ቢኖሩ ዱቲው ይቻላል። ያለ ሦስት የሰመመን ባለሙያ፣ ያለ አራት የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ ያለ አውቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) እና ያለ ደም ቀዶ ሐኪሙ ሪፈር ጻፊ ይሆናል። ደሙ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ማቀዝቀዣ ለ35 ቀን ገደማ ይቆያል። ተራ የቤት ፍሪጅ አይሆንም፤ መብራት ሲሄድ ሙቀቱ ያልፋል፣ ደሙም ይጣላል። የመጀመሪያውን ስፔሻሊስት ከመላካችሁ በፊት እነዚህ መሟላታቸውን አንድ በአንድ አረጋግጡ፤ በቀዶ ለመውለድ ወደ ጎንደር የሚላኩት እናቶች ቁጥር መጀመሪያ የሚቀንሰው በነዚህ ነው።

ለደመወዙ ከወረዳው በጀት ውጭ ሁለት ምንጭ አለ። ሆስፒታል የውስጥ ገቢውን ለራሱ የመጠቀም መብት አለው፤ ከቦርዱ ጋር ተነጋግሮ በኮንትራት መቅጠር ይችላል። ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ ሲጀመር ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችሁ ፎገራ ነበረች። መድኑ ለሆስፒታሉ የሚከፍለው ሲዘገይ ግን መድኃኒቱም ኮንትራቱም አብሮ ይቆማል፤ ስለዚህ ከዚህ ገቢ የሚቀጠር ሰው ከሁለት አይብለጥ።

የቀረው መዋጮው ነው። ለትምህርት ቤት አጥር እንዳታውሉት። ሆስፒታሉ አጠገብ አራት የሐኪም ቤት ሥሩበት፤ እያንዳንዳቸው ሁለት መኝታ፣ የራሱ ወጥ ቤትና መታጠቢያ፣ ለጋራ 10,000 ሊትር የውሃ ታንከር፣ ለመብራት ሶላር። ባለቤትነቱ በሆስፒታሉ ስም ይመዝገብ፤ በወረዳው ስም ከሆነ ሐኪሙ ሳይገባ ሌላ ሹም ይገባበታል። ቁልፉም በኮሚቴው እጅ አይሁን፤ በሆስፒታሉ ቦርድ ቃለ ጉባኤ ላይ ቤቶቹ ለስፔሻሊስትና ለተማሪ ተቆጣጣሪ ብቻ መሆናቸው ይጻፍ። ከዚያ የሦስቱን ቁጥር ወረቀትና የቤቶቹን ፎቶ አባሪ አድርጋችሁ ደብዳቤውን አስገቡ፤ ጊዜው የሚቀጥለው ዓመት በጀት ጥያቄ ከመዘጋቱ በፊት፣ የዓመቱ አጋማሽ ሳያልፍ ይሁን።